የሌላ መጽሐፍ ቅጠል

አክስቴ የእናቴን መጽሐፍ ቅዱስ ከነመጠቅለያው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ሽፋኑ ላልቷል፤ አጥብቂልኝ» አለችኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ያለችኝን አንድ ወንበር ወስዳ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ኮላው ብቻ እስኪደርቅ...»

«እጠብቃለሁ።»

«የሚደርቀው ነገ ነው።»

«ሰማሁ። እጠብቃለሁ አልኩሽ እኮ!»

እንዲህ ናት። ከሰውም ከእግዚአብሔርም ጋር ያላት አያያዝ አንድ ነው፤ የፈለገችውን ትናገርና ቁጭ ትላለች። እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም። ደግሞም ደሜን ያፈላው እሷ አልነበረችም። መጽሐፉ ነው። እኔና ይሄ መጽሐፍ ከተኳረፍን ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ቤታችንና ሥራ ቦታው አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከመኝታ ክፍሎቹ ሁለት ደረጃ ሲወርዱ ፊት ለፊት ትልቁ የብረት መጭመቂያ ይገኛል፤ ከጎኑ መቁረጫው፣ ከመቁረጫው ሥር ደግሞ የውዳቂ ወረቀት ሣጥን። በስተኋላ አንዲት በር ያላት ጠባብ የወረቀት ክፍል ነበረች። አልጋችን ሳይቀር ኮላ ኮላ ይሸት ስለነበር ትምህርት ቤት «ኮላ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። አልከፋኝም፤ የባሰ ስም የወጣላቸው ነበሩ።

እኔም ሥራ ነበረኝ። ያረጀ መጽሐፍ ሲመጣ አባቴ ሽፋኑን ይገፈዋል፣ ክሩን ይበጥሰዋል፣ መጽሐፉም ወደ ትንንሽ እጥፎች ይበታተናል። አንዱ እጥፍ ስምንት ቅጠል ነው። እጥፎቹ እንደገና ከመሰፋታቸው በፊት ቅደም ተከተላቸው ልክ መሆኑን የማየው እኔ ነበርኩ። አባቴ ታዲያ የገጽ ቁጥር ብቻ አይቼ እንዳላልፍ በየቀኑ ያስጠነቅቀኛል። አንድ ጊዜ ጂኦግራፊ መጽሐፍ መሐል የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ቅጠል ገብቶ፣ ቁጥሩ ልክክ ስላለ ማንም ሳያየው ተሰፍቶ ወጥቶ፣ ተማሪዎቹ ስለ ተራራ ሲያነቡ ቆይተው ድንገት የታቀፈች ዶሮ ላይ ደርሰዋል። ይህን ነገር እንደ ራሱ ኃጢአት ነበር የሚያወራው።

«ቁጥር ይዋሻል» ይለኛል። «የገጹን የመጨረሻ መስመር ከሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ጋር አንብቢው። መገናኘት አለበት።»

ስለዚህ አነባለሁ። እንግዲህ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ምን እንደያዛት የነገረኝ የለም፤ «ትንሽ ሆዷን አሟት ነው» ብለውኝ ያ «ትንሽ» ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ልጅ አይገባም ስለሚባል አላያትም። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ መጥታ ቤቱን ተረክባለች። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስትመለስ የእናቴን መጽሐፍ ቅዱስ በፌስታል አንጠልጥላ መጣች።

«እጇ ላይ እየተበተነባት ነው። ቶሎ ይስፋልኝ ብላለች» ብላ ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ የደንበኞቹን ሥራ በሙሉ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ ያንኑ ዕለት ክሩን በጠሰው። እጥፎቹም እኔ ፊት ተደረደሩ።

አክስቴ ትጸልያለች ብሎ ማለፍ አይበቃም። ልብስ ስታጥብም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም፣ ደረጃ ስትወጣም «አምላኬ አንሣት፣ አምላኬ አንሣት» ነው። አንድ አንሶላ አጥባ እስክትጨርስ መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ብላዋለች፤ ቆጥሬያለሁ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ወንጌሉ መጀመሪያ አካባቢ ካለው እጥፍ ላይ፣ ስትጸልዩ አንድ ነገር አትደጋግሙ፣ ቃል ስላበዛችሁ የምትሰሙ አይምሰላችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁን ሳትለምኑትም ያውቃል የሚል አገኘሁ። ደነገጥኩ። እጥፉን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

«አክስቴ፣ አትደጋግሙ ይላል!»

«ማን ነው የሚለው?»

«ኢየሱስ!»

አክስቴ እጇን ከአረፋው አወጣች። «ዳኛውን አሰልችታ ያስፈረደችውን መበለትስ ማን ነው የነገረን? እሱ አይደለም? ሂጂና እሱን አንብቢ!»

ሄጄ አነበብኩ። እውነትም አለ። እግዚአብሔርንም ሰውንም የማይፈራ አንድ ዳኛ፣ እየተመላለሰች የምትጨቀጭቀው ባል የሞተባት ሴት፣ በመጨረሻም «ከዚህች ሴትዮ ልገላገል» ብሎ ይፈርድላታል። እንግዲህ እንዲህ ለምኑ ነው ነገሩ። ተመልሼ ጓሮ ሄድኩ።

«እግዚአብሔር ክፉ ዳኛ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ ምላስሽን ሰብስቢ!»

«አንብቢ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«አንብቢ አልኩ እንጂ መርምሪ አልኩሽ?»

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ ሁለት ሴቶች አስከትሎ ይመጣል። መጭመቂያው አጠገብ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዙና፣ የመንገድ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ይጸልያሉ። እኔም ሲጨርሱ ጠብቄ፣ ጸሎት ክፍል ገብቶ በር ዘግቶ በስውር መሆን እንዳለበት ገጹን ገልጬ አሳየሁት። ሰባኪው ከልቡ ሳቀ።

«ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትሆነው! ሁለት ሦስት ሆነን ስንስማማ መሐላችን እንደሚገኝም እኮ ተጽፏል፣ የኔ ልጅ» አለና ራሴን ዳበሰኝ።

ለጥያቄ ራስን ዳብሶ ማለፍ እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል። የጠየቅኩት ለክርክር ብዬ አልነበረም። እናቴ ሆስፒታል ናት፤ በትክክለኛው መንገድ ከለመንንላት ትመጣለች፤ በተሳሳተው ከለመንን ትቀራለች። ነገሩ ለኔ ይሄው ነበር። ቤቱ ሙሉ ትልልቅ ሰው እያለ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ!

በመጨረሻ የራሴን መንገድ ያዝኩ። የእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ በቀሚሶቿ መሐል ተሸጉጬ፣ በሩን ከውስጥ ስቤ ዘጋሁ። «እማዬን አድንልኝ» አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ግን አላስችል አለኝ፤ ተመልሼ ገብቼ ደገምኩት። እንደወጣሁ ራሴን ረገምኩ። ሁለተኛው ጸሎት እኮ «የመጀመሪያውን አልሰማኸኝም» ማለት ነው፤ አልሰማኸኝም ማለት አላመንኩህም ማለት ነው፤ ሳያምኑ የለመኑት ደግሞ አይሰጥም ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ገብቼ ሁለተኛውን እንዳይቆጥርብኝ ለመንኩት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ይቁጠር ሁለተኛው ራሴም ጠፋብኝ።

አባቴ አይጸልይም ነበር። ቢያንስ አላየሁትም። ሴቶቹና ሰባኪው ክብ ሲሠሩ እሱ መርፌና ክሩን ይዞ ይሰፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የወረቀት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ይቆያል።

«አባዬ፣ አንተ ለምን አትጸልይም?» አልኩት።

«እየሠራሁ ነው» አለኝ፣ መርፌውን ሳያቆም።

በጣም ተናደድኩበት። ከቤቱ ሰው ሁሉ የልመናውን ሥራ ያልተካፈለው እሱ ብቻ መሰለኝ።

ከዚያ ያ ቅጠል መጣ። እዚያው፣ አትደጋግሙ የሚለው ወንጌል ውስጥ ነው፤ ከጥቂት እጥፍ በኋላ። ኢየሱስ ሊይዙት ሲመጡ አትክልት ቦታ ሄዶ ይጸልያል። ይህ ጽዋ ይለፍልኝ ብሎ ይለምናል። ተመልሶ ይለምናል። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። አላለፈለትም። ወስደው ሰቀሉት።

ቅጠሉን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። አትደጋግሙ ያለው ራሱ ሦስት ጊዜ ደገመ! ለምኑ ይሰጣችኋል ያለው ራሱ ለምኖ አልተሰጠውም! እሱ ካልተሰጠው ለኔ ማን ይሰጠኛል? የገጹን ቁጥር አየሁ፤ ልክ ነው። የመጨረሻውን መስመር ከመጀመሪያው ጋር አነበብኩ፤ ይገናኛል። ሐሳቡ ግን ፊት ካነበብኩት ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም።

አባቴ ካርቶን ላይ ኮላ እየቀባ ነበር። ኮላ ሲቀባ ሰው አይሰማም፤ ቶሎ ካልቀቡት ይደርቃል።

«አባዬ፣ ቁጥሩም ልክ ሆኖ፣ መስመሩም ተገናኝቶ፣ ሐሳቡ ግን ባይገናኝስ?»

«እ?»

«ሐሳቡ ፊት ካለው ጋር ቢጣላ።»

«ከተጣላማ የሌላ መጽሐፍ ቅጠል ነው» አለ። «ዶሮዋን አስታውሺ።»

አስታወስኩ። ስስ ምላጩን አንስቼ፣ እሱ እንዳስተማረኝ ከእጥፋቱ ሥር ጥርት አድርጌ ቆረጥኩትና ውዳቂ ሣጥኑ ውስጥ ከሌላው ቁርጥራጭ ሥር ቀበርኩት። እፎይ አልኩ። የተበላሸ ነገር ያስተካከልኩ ያህል ኮራሁ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቼም እንደገና ለመንኩ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ጥርጥር።

በአራተኛው ቀን አክስቴ ከሆስፒታል ስትመለስ አባቴን ወደ ወረቀት ክፍሉ ጠራችው። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ወደ ቤት ውሰዷት አሉ» አለች።

አባቴ «መቼ?» አለ።

«ነገውኑ። ልጅቷስ?»

«ልጅቷን ለጊዜው ተያት።»

እኔ የቀረውን አልሰማሁም፤ እየዘለልኩ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ «ተሻላት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሆስፒታል ሰውን ወደ ቤቱ የሚልከው በሁለት ምክንያት ነው። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

አባቴ ከታክሲው አንስቶ አቅፏት ገባ። እንዲህ መቅለሏ የሆስፒታል ምግብ መጥፎ ስለሆነ ነው ብዬ ወሰንኩ። አልጋዋን ሥራ ቦታው መስኮት ሥር አድርገውላታል፤ የተጠረዘው መጽሐፍ አዲስ ጥቁር ቆዳ ለብሶ፣ ቀይ ጥብጣብ ተሰፍቶለት ትራሷ አጠገብ ተቀምጧል። ለመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ እየቆምኩ «ተሰማልን!» እያልኩ አበሠርኩ። ማንም ደስ አላለውም። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አውርቶ ዓይኖቼን ሳያይ ሄደ። አክስቴ ጓሮ ሆና አንሶላ ታጥባለች፤ ዝም ብላ። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ጸጥ ብላ አላውቃትም።

«ምን ሆነሻል? አሁንማ አመስግኚ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበትና በእርጥቡ አንሶላ ፊቷን ሸፈነች። ምስጋና ቢስ፣ አልኩ በልቤ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ጠራችኝ። መጽሐፉ ደረቷ ላይ ነው። በሁለት እጇ አንሥታ ሰጠችኝ።

«ጥብጣቡ ያለበትን አንብቢልኝ። አትክልት ቦታ የሄደበትን።»

ይሄ ሁሉ ሺህ ገጽ እያለ እሱኑ! ገጹ እንደሌለ አውቃለሁ። ጥብጣቡ ያለበትን ብከፍት ክፍተቱን ታየዋለች። ስለዚህ ጥብጣቡን ትቼ ሌላ ቦታ ገለጥኩና፣ መጽሐፉን ወደ ራሴ አዘንብዬ በቃሌ ጀመርኩ። ያን ቅጠል ከንዴት ብዛት በቃሌ ይዤው ነበር። አትክልቱ ጋ ደረስኩ፣ የተኙት ደቀ መዛሙርት ጋ ደረስኩ፣ ጽዋው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ከዚያማ አለፈለት።»

«አለፈለት?»

«አዎ። ወዲያው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለመነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።»

እናቴ ከኔ ራስ በላይ ተመለከተች። አባቴ የኮላ ብሩሹን እንደያዘ መጭመቂያው አጠገብ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። በንባቤ የተደነቁ መሰለኝ።

«እሺ» አለች። ጉንጬን ነካችኝ። «እሺ፣ የኔ እናት። ጎበዝ።»

አባቴ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወረቀት ሊያመጣ መስሎኝ ነበር፤ ሲወጣ ግን ባዶ እጁን ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ቆየች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመንገዱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ያን ቀን ያልተናደድኩበት ሰው የለም፤ አክስቴ ላይ ቃል ስላበዛች፣ አባቴ ላይ ስላልጸለየ፣ ሰባኪው ላይ በሩን ስለከፈተ። ሲመሽ ግን ንዴቱ ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። የእግዚአብሔርን መጽሐፍ በምላጭ ቆርጬ ውዳቂ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እናቴንም የገደልኳት እኔ ነኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። አክስቴ መጽሐፉን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ተገላገልኩ። እያደግኩ ስሄድ ሕፃን ቅጠል ቆርጦ እናቱን እንደማይገድል ገባኝ፤ ቢሆንም ያንን መጽሐፍ አንድም ቀን አልነካሁም። አባቴ ሥራ ቦታውን አውርሶኝ ሞተ፤ እሱም ስለዚያ ቅጠል ቃል ሳይወጣው።

እና አሁን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አክስቴም ወንበሬ ላይ።

ሽፋኑን ገፈፍኩ። ክሩን ከመንካቴ በፊት ጎዶሎውን ላየው ፈለግኩ። አንዴ ይለይልን ብዬ ወንጌሉን ገለጥኩና ወደዚያ ቦታ ገፋሁ።

ቅጠሉ አለ።

ከእጥፋቱ ሥር፣ ምላጬ ባለፈበት መስመር ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት ተለጥፎበት ከጓደኛው ቅጠል ጋር ተጋጥሟል። የአባቴ እጅ ነው፤ ያን ያህል ቀጭን የሚለጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም። መጀመሪያ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ መልሶት ይሆናል አልኩ። ከዚያ አውራ ጣቴን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አስኬድኩ። አያደናቅፍም። መጽሐፍ ከተሰፋ በኋላ ነው ጠርዙ በመቁረጫ የሚስተካከለው፤ ከዚያ በኋላ የገባ ቅጠል የፀጉር ያህልም ቢሆን ይወጣል ወይም ይገባል። ይሄኛው ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተቆርጧል። እናቴ ቤት ከመግባቷ በፊት እዚያው ነበር ማለት ነው። ያን ቀን በቃሌ ስቀጥፍላት ቅጠሉ ቀይ ጥብጣቡ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

«አክስቴ» አልኩ። «ለእማዬ ያነበብኩላትን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«ምኑን እረሳዋለሁ! ጠዋት እኮ ራሷ አንብባው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አንብቢልኝ አለችኝ?»

አክስቴ ከዘራዋን አንሥታ መልሳ አስደገፈችው። «ማናችንም አልቻልንማ። አባትሽ እናቷ እንደማትድን ንገራት ቢባል አልችልም አለ። እኔም ሞክሬ አቃተኝ። ‹ራሷ ታንብበው፤ እሱም ለምኖ እንዳልተሰጠው ትየው፤ ከዚያ እጇን ይዤ እኔ እነግራታለሁ› አለችን እናትሽ። ጥብጣቡን ያስገባችው ራሷ ናት።» ተነፈሰች። «አንቺ ደግሞ አለፈለት አልሻት!»

«ለምን አላረማችሁኝም?»

«ምን ብለን? ደስ ብሎሽ ነበራ!»

ምላጩን አስቀመጥኩት። ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር፤ በእሷ፣ በአባቴ፣ እሺ ብላ ጉንጬን በነካችኝ በእናቴ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም አዘኑልኝ። እናቴ ልትሰናበተኝ ቃሉን አዘጋጅታ ጠራችኝ፤ እኔ አፏን አስያዝኳት። ዓይኔ ሞልቶ መስመሩ ጠፋብኝ።

«እስቲ አሁን አንብቢው» አለች አክስቴ። «የኔ ዓይን ደክሟል።»

አነበብኩ። አትክልቱን፣ የተኙትን፣ ጽዋውን። ይለፍልኝ ያለውን፣ ቀጥሎም የኔ ሳይሆን የአንተ ፈቃድ ይሁን ያለውን። ሰዎቹ ሊይዙት እስኪመጡ ድረስ አንድም ቃል አልዘለልኩም።

«ድገሚው» አለችኝ።

«አክስቴ፣ አትደጋግሙ ይላል እኮ!»

«እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ደገመው?»

«ሦስት።»

«ታዲያ ሁለት ይቀርሻል።»

ወንበሬን ወስዳብኝ ስለነበር ቆሜ አነበብኩላት።